ከወንፊት በታች የወረደው

አቦይ ሽሻይ ወንፊት ከያዙ ሰላምታ እንኳ አይሰሙም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሜን ክፍለ ከተማ ለግንበኞች ጠጠር ሲነፉ ኖረዋል፤ አቧራ የነካው ጠጠር ለደንበኛ መስጠት ለእሳቸው ነውር ነው። ወገባቸው እምቢ ሲል አንድ የአፈር ምርመራ ቤት በረዳትነት ቀጠራቸው። ወንፊቱ አነሰ እንጂ ሥራውስ ያው ነው ብለው ደረታቸውን ነፍተው ገቡ።

በሦስተኛው ሳምንት የልጅ ልጃቸው የናፍቆት መዋዕለ ሕፃናት አፈር መጣ። ግቢው ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር ተደልድሎ ነበርና፣ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ሳይኖርበት አይቀርም ተብሎ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ታግተው ሰንብተዋል። ውጤቱ ደህና ከሆነ ሰኞ ይለቀቃሉ። ናፍቆት በየቀኑ፣ “አቦሓጎ፣ ዛሬስ ተነፋ?” እያለች አያቷን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣቻቸው።

አቦይ ሽሻይ ሙሽራ የሚድሩ ይመስል ደጋግመው ነፉ። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ጽድት ያለ ጠጠር በሳህን አድርገው ለተመራማሪዋ ለናዝሬት አቀረቡ።

“አቦይ ሽሻይ፣ ዱቄቱስ?”

“የቱ ዱቄት?”

“ከወንፊቱ በታች የወረደው።”

“እሱን ቆሻሻ? ጣልኩልሽ እኮ! ጓለይ፣ እኔ ለሰው አቧራ አልሰጥም።”

ናዝሬት ሳቋን ዋጥ አድርጋ መዳፋቸውን በውሃ አራሰች። ንጹህ የአትክልት አፈር አምጥታ ነፋችና መጀመሪያ ጠጠሩን አስጨበጠቻቸው፤ ሁለት ፍሬ ተጣብቆ ወዲያው ረገፈ። ቀጥላ ልሙን፣ ከወንፊቱ በታች የወረደውን ደቃቅ፣ አስነካቻቸው። መዳፋቸው ጓንት ያጠለቀ መሰለ።

“የሦስት ዓመት ልጅ ነዎት እንበል። ይኼ እጅ የት ይገባል?”

“አፍ ውስጥ ነዋ።”

“ጠጠሩን ይተፉታል። ልሙን ግን ሳያውቁት ይውጡታል። መርዙም የሚበዛው ልሙ ላይ ነው፤ አፈር በደቀቀ ቁጥር መርዝ የሚይዝበት ገላው ይሰፋል።”

“እዋይ! ይኼን ጠጠሬን ብትመረምሪው፣ ደህና ነው ይል ነበር?”

“ሊል ይችላል።”

“እኔ ደግሞ ሰኞ ናፍቆትን እጇን ይዤ እዚያ አፈር ላይ ልለቃት ነበር!”

የጣሉት አቧራ ከሌላ ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሏል። ስለዚህ ተያይዘው መዋዕለ ሕፃናቱ ሄዱ፤ አቦይ ሽሻይ ለርዕሰ መምህሯ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው፣ ሸርተቴው ሥር ተንበርክከው አቧራውን በብሩሽ ለቀሙ።

ዓርብ ውጤቱ መጣ። ጠጠሩ ደህና ነው፤ ልሙ ግን ከሚፈቀደው በላይ መርዝ ይዟል። አፈሩ ተጠርጎ እስኪወጣ ግቢው ተዘጋ።

ናፍቆት፣ “ያስዘጉብን አቦሓጎ ናቸው!” ብላ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አወጀች። አቦይ ሽሻይ ምሳ ሲቀርብ ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ የጥፍሯን ሥር ሳይቀር፣ በሳሙና አሹላት። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እጇን ግን አልነጠቀቻቸውም።