ውሃ ውስጥ የኖረው ድንጋይ

ይህ ታሪክ መነገር የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተውን ሰው ብዙዎች አያውቁትም፤ ድንጋዩም ቢሆን የአውራ ጣት ጫፍ ቢያክል ነው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ቀድጄዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ አንዷ ልጅ የፈላ ሻይ በቀዝቃዛ ብርጭቆ ስትቀዳ ብርጭቆው «ቀጭ» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። የእኔ እጅ ግን ሳላስበው ኪሴ ውስጥ ገባ፤ ኪሴ ባዶ ነበር። ስለዚህ ልንገርዎትና እርስዎ ይፍረዱ። ከረዘመብዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ኦምዱርማን፣ ከገበያው ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነበር። እናቴ የምትሠራው ድልድዩን ተሻግሮ ሪያድ የሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ ሰው ቤት ስለነበር እዚያው ታድራለች። ሐሙስ ማታ በሐፍላ፣ በሕዝብ አውቶቡስ፣ ተሳፍራ ትመጣና ቅዳሜ ጠዋት ትመለሳለች። የግቢው ባለቤት ከጎንደር መጥተው ሠላሳ ዓመት የኖሩ ድንጋይ ቆራጭ ነበሩ። ሱዳን ውስጥ የእጅ ባለሙያ ሁሉ «ኡስታ» ስለሚባል እኛም ኡስታ እንላቸው ነበር። አማርኛቸው ግማሹ ዐረብኛ ነው።

የኡስታ ሥራ ለወንዶች የብር ቀለበት ፈርጥ የሚሆን ዐቂቅ የሚባል ድንጋይ መቁረጥ ነበር። ድንጋዩን በቀለጠ ቀይ ሰም እንጨት ጫፍ ላይ ይለጥፉታል፤ ከዚያ በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ አንድ ገጽ፣ ዞር አድርገው ሌላ ገጽ እያሉ ያወጡለታል። ከላይ ከተሰቀለ ቆርቆሮ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። የሱቃቸው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ የመጀመሪያ ዝናብ የመታው አቧራ ዓይነት ሽታ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻዋን ከምትውል ብላ እናቴ ለእሳቸው አደራ ሰጥታኝ ነበርና በሁለት ክረምት ውስጥ እጄ ሥራውን ለመደ። የእሳቸው እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ትንንሾቹን ገጾች የማወጣው እኔ ሆንኩ። ይህን ለደንበኛ አንናገርም ነበር።

የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ወሎ፣ ደላንታ ገደል ላይ ዋሻ እየቆፈረ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ያወጣ ነበር። በመተማ በኩል በሚመጣ ሰው እጅ አንድ ድንጋይ ላከላት፤ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ፣ ከነውሃው። በስልክም እንዲህ አላት፦

«ከውሃ እንዳታወጪው። አውጪው ስልሽ ብቻ ታወጪዋለሽ። ያኔም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ከድነሽ፣ ሃያ ቀን። ከቸኮልሽ ይሰነጠቃል።»

«እሺ የኔ ጌታ» አለችው።

የእኛ አገር ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ከጠጣ ቀለሙ ይጠፋና እንደ መስታወት ይጠራል፤ ሲደርቅ ነው ውስጡ ያለው እሳት የሚታየው። ከእርጥብ ዋሻ ወጥቶ በካርቱም አየር በድንገት የደረቀ እንደሆነ ግን ይፈነዳል። ስለዚህ ድንጋዩ ስድስት ወር ጠርሙስ ውስጥ ኖረ። እናቴ ዓርብ ዓርብ ውሃውን ትቀይርለታለች፤ እሷ በሌለችበት ቀን አደራው የእኔ ነበር። ቀለሙን ያየ ሰው ግን አልነበረም። ሱቁ በር ላይ ሻይ የሚጠጣው የሪክሻ፣ የእኛው ባጃጅ፣ ሹፌር ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ እያነሳ «ወላሂ ይሄ የፔፕሲ ጠርሙስ ስባሪ ነው! ለእኔም አንድ ላኩልኝ፣ መንገዱ ላይ ሞልቷል» ይል ነበር። ሰውየው ቢስቅ እናቴ ግድ አልነበራትም። ያመማት ከገዛ አገሯ ሴቶች አንዷ የተናገረችው ነው።

«ደጉን ሸጦ ባዶውን ነዋ የላከልሽ! ወንድም እንዲህ ነው እቴ።»

ሁሉም ሳቁ። እናቴም አብራ ሳቀች። ማታ መብራት ካጠፋን በኋላ ግን በጨለማው ውስጥ «ባዶውን ይልክልኛል ብለሽ ታስቢያለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርሙሱን ለሰው ማሳየት ተወች።

በግንቦት መጀመሪያ፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የማላውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር ስልኬ ላይ ደወለ። የአጎቴ ባልንጀራ ነበር።

«ሦስት ሆነን ገባን፤ ሁለታችን ወጣን» አለ። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ትልልቅ ሰዎች በወጉ ይንገሯት።»

እየሮጥኩ ወደ ቅሬያችን ሰብሳቢ ሄድኩ። ቅሬ በለቅሶም በሠርግም የሚደራረሱ የወሎ ሴቶች ማኅበር ነው፤ ሰብሳቢዋ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡ ናቸው። ጉልበታቸውን ይዘው ጥቂት አለቀሱና ዐይናቸውን ጠረጉ። የእናቴ እመቤት ሠርግ ስላለባቸው በዚያ ሳምንት እንደማይለቋት ነገርኳቸው።

«እንግዲያው በሚቀጥለው ዓርብ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እናረዳታለን» አሉ። «ሰው ቤት ሆና ብትሰማ ማን ይይዛታል? ልጄ፣ እስከዚያ አፍሽን ያዢ። ድምፅሽንም ጭምር።»

ከዓርብ በፊት ዐሥር ቀን ነበረኝ። ያሰብኩት ነገር ምናልባት የልጅ ሐሳብ ይሆናል። መርዶውን ከመስማቷ በፊት ወንድሟ ባዶ እንዳልላከላት እንድታይ ፈለግሁ። ከሰማች በኋላ ግን እሱን መጠየቅ አይቻልም፤ ጥርጣሬዋ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። አውጪው የሚላት ሰው ደግሞ ከእንግዲህ የለም። በዚያኑ ቀን ማታ ድንጋዩን ከጠርሙሱ አወጣሁት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ቆርቆሮ ውስጥ ከደንኩት። ሃያ ቀን እንደሌለኝ እያወቅሁ።

የመጀመሪያው ዓርብ እናቴ ከሪያድ ደወለች። ከኋላዋ ከበሮና እልልታ ይሰማል።

«ውሃውን ቀየርሽለት?»

«ቀየርኩለት።»

«ወንድሜን ብደውል ብደውል አይነሳም። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ነው። እዚያ ውስጥ ሲሆን መስመር የለውም።»

«አዎ እማዬ።»

«ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«አቧራው ነው» አልኳት። እውነትም ሰማዩ ቀልቶ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል እየመጣ ነበር።

ቆርቆሮውን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ክፈቺ ብለውኝ ነበር ኡስታ። እኔ በሰዓት አንድ ጊዜ እከፍተው ነበር። በአራተኛው ቀን ድንጋዩ መስታወት መምሰሉን ትቶ ነጣ። በስድስተኛው ቀን ጠመኔ መሰለ፤ ቀለም የለው፣ ብርሃን የለው። ያችን ሴት አስታወስኳት፤ ደጉን ሸጦ ባዶውን ያለችውን። ኡስታ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው እያገላበጡ አዩት።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ። እኔ ዐቂቅ ነው የማውቀው፣ ይሄን አላውቀውም። የማያውቁትን ነገር አይቸኩሉበትም።»

«ዓርብ ደረሰ እኮ ኡስታ!»

«ዓርብ ይምጣ። ዓርብ ድንጋይ አይደለም፣ አይሰበርም።»

ማክሰኞ ቀን ግን እሳቸው ለቡና ሲወጡ ጨርቁን ፈታሁት። ሀቡቡ ካለፈ በኋላ አየሩ እንደ ምድጃ ደርቆ ነበር። ከህረባ፣ መብራት ማለት ነው፣ ጠፍቶ ዲስኩ ቆሟል፤ ሞተሩ ግን ሲሠራ ስለዋለ ሙቀቱ አልለቀቀውም። ድንጋዩን ሞተሩ ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ሰዓት ብቻ ነው ብዬ። ከቆርቆሮው ጣሪያ ቀዳዳ የሚገባው የፀሐይ ክር ወለሉ ላይ ወርዶ ነበር፤ እሱ እግሬ ጋ ሲደርስ አነሳዋለሁ ብዬ ቁጭ ብዬ አየሁት። እግሬ ጋ አልደረሰም።

«ቀጭ።»

ትንሽ ድምፅ ነበር። መንገድ ላይ ያለ ሰው አልሰማውም። ድንጋዩ ሁለት ሆኖ ተኝቷል፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ትንሹን ወደ ፀሐይዋ ክር ሳስጠጋው ጠርዙ ላይ፣ ውሃው ከወጣለት በኩል፣ አረንጓዴ ብልጭ አለ። ዞር ሳደርገው ቀይ ሆነ። ከዚያ ብርቱካናማ፣ ከዚያ የማላውቀው ሰማያዊ። ባዶ አልነበረም። ባዶ አለመሆኑን ያወቅሁት ከሰበርኩት በኋላ ነው።

ኡስታ ሲመለሱ ወለሉ ላይ ነበርኩ። ሁለቱን ስባሪዎች ከእጄ ወስደው ወደ ብርሃኑ እያነሱ አገላበጧቸው። ይቆጡኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

«ማዐሌሽ፣ ግድ የለም» አሉኝ በመጨረሻ። «ሹፊ፣ እዪ፣ ትንሿ ደርቃለች፣ ጤነኛ ናት። ትልቁ ገና ሆዱ ውስጥ ውሃ አለው። እሱን በእርጥብ ጨርቅ ቀስ አድርገሽ ወደ ቤቱ መልሺው። ትንሿን እንቆርጣለን።»

ለዐቂቅ እሳት ምንም አይደለም፤ ለዚህ ግን የቀለጠ ሰም ሞቱ ነው አሉ። ስለዚህ ትንሿን እንጨት ላይ በቀዝቃዛ ሙጫ ለጥፈን እስኪጠነክር እስከ ረቡዕ ማታ ጠበቅን። ሐሙስ ጠዋት ዲስኩ ፊት ተቀመጥኩ። ኡስታ ከኋላዬ ቆመው በእጃቸው ሳይሆን በድምፃቸው ያዙኝ፦ «ሹወያ፣ ሹወያ። ቀስ። አሁን ዞር። አሁን ቁሚ።» ከላይ አንድ ሰፊ ገጽ አወጣሁለት፣ ዙሪያውን ስምንት፣ ከሥሩ ደግሞ ወደ አንድ ጫፍ የሚወርዱ ጠባብ ገጾች። የዲስኩን ውሃ ግን ድንጋዩ እየጠጣ ሄደ። እሳቱ አንድ በአንድ ጠፋ። የመጨረሻውን ገጽ ቆዳ ላይ አሽቼ ስጨርስ በእጄ ያለው ነገር በደንብ የተቆረጠ፣ የጠራ፣ የፔፕሲ ስባሪ የሚመስል ነገር ነበር።

«እስከ ማታ ይደርቃል ኡስታ?»

«ላ። ሁለት ቀን። ሦስት።» ከዚያ እንደ ልጃቸው ጭንቅላቴን ነካ አደረጉኝ። «እጅሽ ግን ከላስ፣ በቃ፣ የኡስታ እጅ ሆኗል።»

ያን ቀን እንዲህ መባሌ አላስደሰተኝም። ዛሬ ሳስበው ደስ ይለኛል።

ሐሙስ ማታ እናቴ መጣች። የሠርግ ከረሜላ በፌስታል ይዛልኝ ነበር። ጠርሙሱን አየት አድርጋ ውስጡ ድንጋይ መኖሩን አረጋገጠች፤ ማነሱን በመብራቱ ድክመት አላስተዋለችም። የተቆረጠችው በጨርቅ ተጠቅልላ ኪሴ ውስጥ ነበረች። በተኛንበት ስለ ሠርጉ አወራችልኝ፤ ስለ ሙሽራይቱ ሂና፣ ስለ ዘፋኙ። እኔ በልቤ ዓርብ እንዳይነጋ እየለመንኩ «እሺ፣ ከዚያስ?» እላት ነበር።

ከሱብሒ በኋላ በሩ ተንኳኳ። «ማነው?» አለች።

«እኛ ነን» አሉ ሰብሳቢዋ።

እናቴ በሩን ከፍታ ፊታቸውን አላየችም። ደጃፍ ላይ የሚወልቀውን ጫማ ነው ያየችው። ብዙ ነበር። አንድ ሁለት ሰው ለሰላምታ ሲመጣ እንዲህ ያለ ጫማ አይኖርም።

«የትኛው ነው?» አለች።

ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በሦስተኛው ቀን እንግዳው ቀለል ሲል ምንጣፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ጨርቁን ፈትቼ ሳላይ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። የእሷ ፊት ሲለወጥ ነው ቀና ያልኩት። በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን መዳፏ ውስጥ ቀይና አረንጓዴ ይንቀሳቀስ ነበር። እጇን ወዲያና ወዲህ አዘነበለች።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው እማዬ። ባዶ አይደለም። ግን ሰበርኩት። ከዓርብ በፊት እንድታዪው ብዬ ሞተር ላይ አስቀመጥኩት። ውሃውን ቀየርኩ ያልኩሽም ውሸት ነው።»

ድንጋይቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት፣ አንድ ገጽ፣ ሌላ ገጽ፣ ሌላ ገጽ።

«ቸኮልሽ» አለች። «እሱም ችኩል ነበር።»

«ትልቁስ?» አለች።

«ውሃ ውስጥ መልሼዋለሁ።»

«እሱን እንዳትነኪው።»

አልነካሁትም። የተቆረጠችውን ድንጋይ ኡስታ ብር አልብሰውላት እናቴ አንገቷ ላይ አሰረቻት። ያች ያሾፈችባት ሴት መጥታ አይታት አለቀሰች። ጠርሙሱ ግን መስኮቱ ላይ ቀረ፤ እናቴ ዓርብ ዓርብ ውሃውን መቀየር አልተወችም፤ አባይ ሞልቶ የቧንቧው ውሃ ሲደፈርስ እንኳ የመጠጥ ውሃ ገዝታ ትቀይርለት ነበር። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሆነ። ኡስታ አንድ ቀን «ይሄንንም እንቁረጠው እንጂ» ቢሏት «አውጪው አላለኝም» ብላ መለሰችላቸው፤ ደግመው አላነሱባትም።

ለዩኒቨርሲቲ ወደ አገር ቤት የተሳፈርኩት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሻንጣዬን ስዘጋ እናቴ ከኋላዬ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ድንጋዩን በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለለች ነው፤ ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደምትጠቀልል። የቆርቆሮውን ክዳን ገጠመችና «በይ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ» አለችኝ።

ቀኑን ቆጥሬ ጠበቅሁ። በሃያኛው ቀን ማታ ማደሪያችን በረንዳ ላይ ሆኜ ደወልኩላት።

«አወጣሽው?» አልኳት።

«አወጣሁት።»

«አልተሰነጠቀም?»

«ለምን ይሰነጠቃል? እንዳለኝ ነው ያደረግሁት።»

ቀለሙ ምን እንደሚመስል ጠየቅኋት። ከእሷ በኩል የኦምዱርማን የሪክሻ ጡሩንባ ሰማሁ።

«ጠርሙሱን አጥቤ አፉን ደፋሁት» አለችኝ።

ውሃ የሚቀየርበት ቀን፣ ዓርብ ነበር፤ ኅዳር 8 ቀን 2010 ዓ.ም.።