የራብሓ ከርነል

ዓይን ዛራ በተባለው ሰፈር በኩል መድፍ በተተኮሰ ቁጥር ከኮሌጁ ምድር ቤት ጣራ ልስን ይረግፍና በኮምፒውተሮቹ ላይ ይነጠፍ ነበር። ራብሓ አል-ገርያኒ በሻሿ ጫፍ ጠረግ እያደረገች ሥራዋን ትቀጥላለች። ይህች ሴት በሰላሙ ዘመን የስታቲስቲክስ መምህር ነበረች። ጦርነቱ የትሪፖሊን ደጅ በመታ ጊዜ ግን ከባልደረባዋ ከነጅሚ ጋር በየሕንፃው ጣራ ድምፅ መቅረጫ አስተከለች፤ መድፉ ከወዴት ተተኩሶ በየትኛው መንገድ ላይ እየወደቀ እንደ ሆነ የሚያሰላ ፕሮግራምም ጻፈች። የአምቡላንስ ነጂዎች የትኛው መንገድ ደኅና እንደ ሆነ በሬዲዮ መገናኛ የሚጠይቁት እርሷን ነው። ከነጂዎቹ አንዱ ታላቅ ወንድሟ ሻዕባን ነበር።

ስሌቱ የሚሠራው ኮዱ በየክፍሉ ተጽፎ ውጤቱ ከሥሩ በሚወጣበት የፕሮግራም ደብተር ላይ ነው። ደብተሩ ብቻውን በድን ነው፤ ከበስተኋላው ሆኖ ነፍስ የሚዘራበት ከርነል የሚባለው ፕሮግራም ነው።

ውጊያው በበረታ ጊዜ ከባልደረቦቿ ገሚሱ ሸሸ። አንዱም በገዛ ደጁ ላይ በሮኬት ተቆራርጦ ሞተ፤ የይለፍ ቃሉም አብሮት ተቀበረ። ያን ጊዜ ራብሓ፣ «ከእንግዲህ ሁላችንም በአንድ አካውንት እንግባ፤ ነገ ማን ማንን እንደሚቀብር አናውቅም» ብላ ወሰነች። ሁሉም እሺ አሏት።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሮኬትን ከመድፍ የሚለይ አዲስ ስሌት ለመሞከር ስትል ሌላ ከርነል ጫነች። ለማሽኑ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ የመጫኛውን ትእዛዝ ጻፈች፤ ከጫፉም ለዚህ ተጠቃሚ ብቻ ይሁን የሚለውን አማራጭ አከለች። ለዓመታት እንዲህ ስትጽፍ ኖራለችና እጇ ለምዶታል። ስም የሚሰጠውን አማራጭ ግን ዘለለችው። ስም ያልተሰጠው ከርነል የነባሩን ስም እንደሚይዝ አላጣችውም፤ በራሷ ጓዳ ተወስኖ የሚቀር መስሏት ነበር እንጂ። በዚያ ማሽን ላይ የራሷ ጓዳ የሚባል ነገር እንዳልቀረ፣ ይህንንም ያደረገችው ራሷ እንደ ሆነች ከልቧ ጠፋ።

ለጊዜው አንዳች አልተሰማም፤ የተከፈቱት ደብተሮች በአሮጌው ከርነል ሥራቸውን ቀጠሉ። ከቀትር በኋላ ግን ጄኔሬተሩ ተንተፋትፎ ጠፋና ተነሣ። ደብተሮቹ እንደ ገና ሲከፈቱ በነባሩ ስም የተቀመጠውን አዲሱን ያዙ፤ ለእርሱ ደግሞ የድምፅ ስሌቱ ጥቅል ገና አልተጫነለትም። ካርታው ባዶ ሆነ።

ሬዲዮው ጮኸ። «ራብሓ! ድልድዩ ሥር ነኝ፤ ሦስት ቁስለኛ ጭኛለሁ። በሐድባ ልግባ በአቡ ሰሊም?»

«ቆየኝ ሻዕባን፣ ካርታው ጠፋብኝ።»

«ጠፋብኝ ማለት ምን ማለት ነው? አንዱ አንጀቱን በመዳፉ ይዞታል እኮ! እኔ ልስፋለት?»

ነጅሚ ወንበሩን በእርግጫ አሽቀንጥሮ፣ «ሽቦውን ቆርጠውታል!» ሲል የበሩ ጠባቂ ዓጢያ መሣሪያውን አቀባብሎ ገባ። የአጎቱን ልጅ ትናንት ቀብሯል። አንዲት ቃል ሳይጠይቅ ነጅሚን በሰደፍ አፉን አለው፤ ጥርሱ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ማነው ያሳወረን? ለእነዚያ ውሾች የሸጠን ማነው?»

«ዓጢያ ወንድሜ፣ እርሱን ተወው። ማሽኑን ልየው።»

የአፈሙዙ ብረት ማጅራቷ ላይ ተቀመጠ። «ጻፊ። ተንኮል ብትሠሪ አየዋለሁ።»

«ጋዜጣ እንኳ በቅጡ አታነብ፣ ይህን ልታይ ነው?» አለ ነጅሚ ደሙን እየተፋ። ዓጢያ ጎኑን በጫማው ረገጠው።

ራብሓ የተጫኑትን ከርነሎች ዘርዝር የሚለውን ትእዛዝ ጻፈች። ከነባሩ ስም አጠገብ የጋራው አካውንት ማኅደር ተጽፎ አየች፤ የጠዋት እጇን አወቀችው።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ያሳወርኳችሁ እኔ ነኝ፤ ዛሬ ጠዋት፣ ሳላስብ። ብትገድለኝም ካስተካከልኩት በኋላ ግደለኝ።»

ዓጢያ አፈሙዙን ከማጅራቷ አላነሣም። እርሷም የጫነችውን ከርነል አጥፋ ብላ አዘዘች፤ ማሽኑ እርግጠኛ ነሽን ሲላት አዎን አለች። አሮጌው በማሽኑ የጋራ ስፍራ ሳይነካ ተሸፍኖ ኖሯልና ብቅ አለ። ደብተሩን እንደ ገና አስነሣችው። ካርታው ሲመለስ ሐድባ ከዳር እስከ ዳር ቀልቶ ነበር።

«በአቡ ሰሊም! ሻዕባን፣ ሐድባን እንዳትረግጥ!»

«ገባሁ» አለ ሻዕባን። ቆይቶም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንጀቱን የያዘው አልፏል። ማስዑድ ይባላል። ድልድዩ ሥር ሳለን ነው፤ እናቴ ጋ ደውልልኝ እያለ።»

ዓጢያ ጠመንጃውን አወረደ፤ ነገር ግን በባዶ እጁ ፊቷን በጥፊ መትቶ ጣላትና ወጣ። ራብሓ ከወለሉ ተነሣች። ከንፈሯ እየደማ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አካውንት ከፈተች። የሙከራውንም ከርነል እንደ ገና ስትጭን የራሱን ስም ሰጠችው፤ በዝርዝሩ ላይ ለዓይን የሚታየውም ስም «የራብሓ ሙከራ፣ አትክፈቱት» እንዲል አደረገች።

በማግሥቱ የሐዘኑ ድንኳን ወደ ተተከለበት ሄደች። ከሴቶቹ መካከል የማስዑድን እናት ፈልጋ ፊቷ ቆመች።

«ሐጃ፣ ልጅሽ መንገድ እየጠበቀ ነው የሞተው። መንገዱን ያዘገየሁት እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ የራብሓን ሻሽ ገፍፋ ፀጉሯን ጨበጠች፤ በጡጫ ደረቷን፣ ፊቷን፣ ያበጠ ከንፈሯን መታቻት። ሴቶቹ ሊገላግሉ ቢንጋጉ ራብሓ፣ «ተዉአት» አለች፤ እጇንም አላነሣችም። በዚያው ቅጽበት መድፍ ከቅርብ ወድቆ የድንኳኑ ካስማ ተነቀለ፤ ሸራው በላያቸው ተደረመሰ፤ ሁለቱም እንደ ተያያዙ መሬት ላይ ወደቁ።

አሮጊቷ ከሸራው ሥር እያለከለከች ጠየቀቻት፤ «ዛሬስ የሌላው ሰው ልጆች በየት በኩል ነው የሚያልፉት?»

«እዚህ ሆኜ አላውቅም፣ ሐጃ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችና ፀጉሯን ለቀቀችው።