ከጤፍ ጭድ የወጣው ኮምፒውተር

ዛሬ የፎቶ ቤቴን አሮጌ ዴስክቶፕ ከዊንዶውስ ሰቨን ወደ ቴን ላሳድገው ብዬ፣ አቧራውን ላራግፍ ሲፒዩውን ብከፍተው ጭድ ዘረገፈ!

አልገረመኝም። ጦርነቱ ከተማችን መርሳ ሲደርስ እኔ ስሸሽ፣ ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ ኮምፒውተሩን በአህያ ጭነው ግራና ገጠር ወስደው የጤፍ ጭድ ክምር ውስጥ ቀብረው ነው ያተረፉልኝ።

የሳቸው ቤት ግን ተዘረፈ። የልጃቸው የሰርግ አልበም ሄደ፤ ፎቶው የቀረው እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

እንዳላትምላቸው አዲሱ ፕሪንተር ከድሮው ዊንዶውስ ጋር አልሠራም አለ። አዲሱን ዊንዶውስ መጫን ግድ ሆነ።

እትዬ ዘነቡ አጠገቤ ቆመው "ሳይመረቅማ አይጀመርም" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። "ከጭድ ያወጣህ አምላክ ከዚህም በሰላም ያውጣህ!" ምርቃቱ ለኮምፒውተሩ ነው። አሜን አልኩለት። (ፎቶውን የምገለብጥበት ፍላሽ ስላልነበረኝ ባክአፔ ያ አሜን ብቻ ነበር።)

ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር "ሞተ እንዴ?" ይላሉ።

"አልሞተም እትዬ፣ እየተነሳ ነው።"

ተነሳ! ፎቶውም አለ። አትሜ ሰጠኋቸው።

ከሙሽሮቹ ጎን የቆሙበትን አዩት፣ አዩትና "ያኔ እንዴት አምሮብኝ ነበር! በል እኔንም እንደ ኮምፒውተርህ አድሰኝ" አሉኝ።

እናንተስ በጦርነቱ ጊዜ ምን ቀበራችሁ? ስትመለሱስ እንዴት ሆኖ ጠበቃችሁ?