የትልቅ ሰው ሩጫ

ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ ላይ የምኖርበት ቤት መስኮት ለአስፋልቱ ቅርብ ነው። ማለዳ ወደ አዘዞ የሚሮጡ ወጣቶች ጫማ ጠፍ ጠፍ ሲል እሰማለሁ። ያን ጊዜ የእርጥብ አስፋልት ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል፤ አባቴም ትዝ ይለኛል።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ስኳር ተገኘበት። እናቴ ደግሞ አስሟ ብሶባት፣ ከአልጋዋ እስከ በሩ ስትደርስ ትንፋሿ የሚያጥርበት ዓመት ነበር። ሐኪሙ አባቴን፣ "በእግርዎ ይሂዱ ወይም ይሩጡ፤ ብቻ ላብ ይውጣዎት" አለው። ከእሱ ይልቅ እናቴ ጨነቃት። "አንተ ካልጠነከርህ እኔን ማን ሊያነሣኝ ነው?" ትለው ነበር።

መጀመሪያ የእግር ጉዞውን ሞከረ። ግን እናንተው ፍረዱ፤ ጎንደር ውስጥ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ያውም ለቅሶ የማይቀርበት ሰው፣ እንዴት አድርጎ ሳይቆም ይሄዳል? ከልጆች ጤና እስከ አዝመራው ሁሉም ተጠይቆ እስኪያልቅ ላቡ ይደርቃል። "ይኼ ስፖርት አይደለም፤ ጥየቃ ነው" ብሎ ተወውና መሮጥ ጀመረ።

እሱ ደግሞ ባሰ። ከተማው ሰላም ባጣበት በዚያ ሰሞን ትልቅ ሰው ሲሮጥ ከታየ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ተኩስ አለ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን በወለቃ መንገድ ሲሮጥ ባለሱቆቹ በራቸውን ዘጉ። ከማክሰኝት የመጣ አንድ እህል ነጋዴ እየሮጠ ተከተለውና፣ "ምነው አያ! ማን ሙቶ ነው?" አለው። እናቴ ይህን ስትሰማ እያሳላት ሳቀች። ያ ሳቋ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ቀስ በቀስ ሰው ለመደው። ጠዋት በቱታው ብቅ ሲል ያጨበጭቡለት፣ "አይዞህ አያ! ሸጋ ነው!" ይሉት ጀመር። ከእግር ጉዞና ከሩጫ የቱ እንደሚሻል ሲጠየቅ፣ "ሩጫ ነዋ፤ የሚሮጥን ሰው ማንም አያስቆመውም" ይል ነበር፣ በኩራት።

አንድ ማለዳ እናቴን አፈናት። የምትስበው መድኃኒት አልቋል፤ ስልክም ከተቋረጠ ሰንብቷል። አባቴ ቱታውን እንደለበሰ ባጃጅ ፍለጋ ሮጦ ወጣ። እኔ እናቴን ደግፌ ተቀመጥሁ። ከንፈሯ እየጠቆረ ነበር። ከመንገዱ ጭብጨባ ሰማሁና፣ "እየሮጠልሽ ነው እማ፣ አይዞሽ" አልኋት።

ኋላ እንደነገረኝ፣ አባቴ ከድንጋጤው የተነሣ ቃል አልወጣው ብሎ ነበር። ባጃጅ ለማስቆም እጁን ሲዘረጋ ሹፌሩም እጁን አውለብልቦለት፣ ክላክስ አድርጎለት አለፈ። ሌላውም እንዲሁ። በመጨረሻ አንዱን መሐል መንገድ ላይ ቆሞ አስቆመው። ይዞት ሲደርስ እናቴ እቅፌ ውስጥ አርፋለች።

ያጨበጨቡለት ሁሉ ለቅሶ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጠው ከልባቸው አለቀሱ። አባቴ አንዳቸውንም አልወቀሰም። ሰልስቱ አልፎ ሰው ሲበተን ግን ወደ እኔ ዘንበል አለና፣ "ጭብጨባውን ሰምታው ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ሰምታለች" አልሁት። "አንተ መሆንህን ስነግራት እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ።"