ገናን እዚሁ ሲያትል ያሳለፍንበት ዓመት

ይህ ነገር የደረሰብን በፈረንጆች 2006 ዓ.ም. ዲሴምበር ላይ፣ ያ ትልቁ ነፋስ ሲያትልንና አካባቢዋን ጨለማ ባደረገበት ሰሞን ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ነገር ግን የገና መብራት መንገድ ዳር ሲሰቀል ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደግሞ ፈጣሪን ሳላመሰግን አላልፍም።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከሲያትል በስተደቡብ ዴ ሞይን፣ አንድ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እኔ ኤርፖርቱ ባለበት ሲታክ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ። ባለቤቴ ታደሰ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኞችን በሚኒባስ ያመላልሳል። ልጃችን ሶስና ስምንት ዓመቷ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ናታን አምስት። የታደሰ እናት እማማ ዘነበች ደግሞ በዚያው ዓመት ነው ከቡታጅራ የመጡት። የሲያትልን ብርድ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

በዚያ ዓመት ለገና አትላንታ እህቴ ጋ ለመሄድ ልቤ ቆርጦ ነበር። የማውቀው ሰው ሁሉ የሆነ ቦታ ይሄዳል። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ዳላስ ልትሄድ ነው፣ ሌላዋ ላስ ቬጋስ፣ ሦስተኛዋ ጭራሽ አዲስ አበባ። ዲሴምበር ግን ለእነታደሰ ሥራ የሚጦፍበት ወር ስለሆነ አለቃው ፈቃድ ከለከለው። ይህን የነገረኝ ቀን አኮረፍኩ። እኔ ሳኮርፍ አፌ ዝም ይላል፤ ድስቱና ሳህኑ ግን ይጮሃል። ቤተሰቡ ያውቀዋል።

ታደሰ ሊያባብለኝ ፈለገ። "እና፣ እዚሁ ሲያትል ቫኬሽን እንወጣለን፣ ኦኬ?" አለኝ። አንድ ቅዳሜ ዕረፍት አለው። በዚያ ቀን ፌሪ እንሳፈራለን፣ ከዚያ ዳውንታውን የገና መብራት እናያለን፣ ልጆቹም የሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ይወጣሉ አለ። ልጆቹ ጨፈሩ። እኔ ደግሞ ሰው እንዴት አልጋው ላይ እያደረ ቫኬሽን ወጣሁ ይላል ብዬ ሳቅኩበት። እውነቱን ለመናገር ግን ስድስት ዓመት ኖሬባት ሲያትልን አላውቃትም ነበር። የማውቀው ሆቴሌን፣ ቤተ ክርስቲያናችንንና በርበሬ የምገዛበትን ኦቴሎ ሰፈር ያለ ሱቅ ብቻ ነው።

ቅዳሜያችን ከመድረሱ በፊት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ነፋሱ መጣ። ትልልቅ ዛፎችን ከሥራቸው እየነቀለ ቤትና መኪና ላይ ጣለ፤ የመብራቱን ሽቦ በጣጠሰው። ሰፈራችን ድርግም አለ። የእኛ ቤት የሚሞቀው ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው። ዓርብ ልጆቹ ቤት ውስጥ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ዋሉ። እማማ ዘነበች በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፤ ሲጠየቁ ግን ደህና ነኝ ይላሉ።

ታደሰ በበጋ ሥጋ የሚጠብስበት የከሰል ማንደጃ በረንዳ ላይ ነበረን። የከሰል ጭስ እንደሚጎዳ አገር ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኛም እናውቃለን። ስለዚህ እንደ ደንቡ አደረግን። በረንዳው ላይ አቀጣጥለን፣ ጭሱ እስኪያልቅና ከሰሉ ቀልቶ ፍም እስኪሆን ጠብቀን ነው ሳሎን ያስገባነው። እማማ ዘነበች ራሳቸው ጎንበስ ብለው መረመሩትና "አሁን ንጹሕ ነው፤ አስገቡት" አሉ። አገር ቤት እንዲህ እያደረግን ነው የኖርነው። ያላሰብነው ነገር የአገር ቤቱ ቤት በበሩም በጣሪያውም ሥር ነፋስ ማስገባቱን ነው። የአሜሪካ ቤት ደግሞ ሲሠራ ጀምሮ ነፋስ እንዳያስገባ ሆኖ ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ እኛ የመስኮቱን ዳር በፕላስተር፣ የበሩን ሥር በፎጣ ደፈንነው። ቤቱ ሞቀ። ሁላችንም ሳሎን ተደርድረን ደስ ብሎን ተኛን።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል። ታደሰም ግንባሩን ይዞ ተቀምጧል። ናታን አስመለሰው፤ ሶስና ዞረብኝ አለች። ጉንፋን ገብቶብናል ብዬ ደመደምኩ። ዛሬ የትም አንሄድም፣ ተመልሰን እንተኛ፣ እዚሁ ሞቅ ብሎን እንዋል አልኩ። ታደሰ ግን ለልጆቹ ቃል ገብቻለሁ፣ ሌላ የዕረፍት ቀን የለኝም፣ ዳውንታውን ደግሞ መብራት አለ ብሎ ድርቅ አለ። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ፊቴን እንዳጠቆርኩ ልጆቹን አለባበስኳቸው።

እማማ ዘነበች ግን አልሄድም አሉ። "እኔ በዚህ ብርድ ውሃ ላይ ምን ልሠራ? እሳቴን እየሞቅሁ እጠብቃችኋለሁ" አሉን። ታደሰ በረንዳው ላይ አዲስ ከሰል አቀጣጥሎ ፍም ሲሆን ጨመረላቸው። እኔም ጋቢያቸውን ደረብ አድርጌላቸው ወጣን።

መኪና ውስጥ መስኮቱን ከፈት አድርገን ስንሄድ ራስ ምታቴ እየለቀቀኝ መጣ። መኪናውን ፓርክ አድርገን ወደ ፌሪው ስንገባ ናታን ይሮጥ ነበር። ፌሪው ሰውም መኪናም የሚጭን ትልቅ ጀልባ ነው፤ ከከተማው ተነስቶ ማዶ ካለችው ደሴት ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ውጪ ቆሜ ወደ ኋላ ዞር ስል ከተማዬን አየኋት። ነፋሱ ሰማዩን ጠርጎታል። ፎቆቹ ውሃው ዳር ተደርድረዋል፤ በስተደቡብ በኩል በረዶ የለበሰው ተራራ ወለል ብሎ ይታያል። ይህ ሁሉ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ነበር ወይ ብዬ ተገረምኩ። ኩርፊያዬ የት እንደገባ አላውቅም። ታደሰ አየት አድርጎኝ ፈገግ አለ፤ አላልኩሽም እንኳን አላለኝም።

ሲበርደን ወደ ውስጥ ገባን። እዚያ ጠረጴዛዎቹ ላይ መንገደኛው እየተቀባበለ የሚገጣጥመው የተቆራረጠ ሥዕል ይቀመጣል። አንዲት ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የሸበተ ፈረንጅ ብቻዋን ስትገጣጥም አየንና ልጆቹ ሳይጠሩ ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ። ሊንዳ እባላለሁ አለችን። የምትኖረው ደሴቷ ላይ ነው። እሷም ቤት መብራት ስለጠፋ፣ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግና ባትሪ ልትገዛ ከተማ አድራ እየተመለሰች ነበር።

ሶስና ወሬ ትወዳለች። በእንግሊዝኛዋ ጠዋት ሁላችንንም ራሳችንን አሞን እንደነበር፣ ወንድሟን እንዳስመለሰው፣ ከቤት ስንወጣ ግን ሁላችንም ወዲያው እንደተሻለን ተረከችላት። ሊንዳ መገጣጠሟን ተወችና ወደ እኔ ዞረች። መብራት ከሌለ ቤታችሁን በምን ታሞቃላችሁ አለችኝ። እኔም እየኮራሁ አስረዳኋት። ከሰል ነው፣ ግን እንደ ሞኝ እያጨሰ አናስገባውም፣ ደጅ አቀጣጥለን ፍም ሲሆን ነው አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም። ቀስ ብላ "አሁን ቤት የቀረ ሰው አለ?" አለችኝ።

"አማቴ አሉ" አልኳት።

ከሰል ፍም ከሆነ በኋላም የማይታይና የማይሸት መርዝ ያወጣል አለችን። በዚሁ ምክንያት ሰው እየሞተ መሆኑን ጠዋት በሬዲዮ ሲናገሩ ሰምታለች። እኛ ደግሞ መብራቱ ከጠፋ ወዲህ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም አልሰማንም። ይህን እየነገረችን ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ 911 እየደወለች ነበር። ታደሰ ስልኩን ተቀብሎ አድራሻችንን እየተንተባተበ ነገራቸውና መለሰላት። የቤታችን ስልክ ያለ መብራት አይሠራም። እማማ ዘነበች ሞባይል የላቸውም። ከጎረቤቶቻችንም ስልኩን የምናውቀው አንድ ሰው አልነበረም።

ፌሪው መሃል ባሕር ላይ ነው። ወርደህ አትሮጥ፣ አዙረው አትለው ነገር። ታደሰ እስከ ጀልባው ጫፍ ይሄድና ይመለሳል። አንድ ጊዜ ሲመለስ ልጆቹ እንዳይሰሙት በጉራግኛ፣ "እናቴን ገደልኳት" አለኝ። አማቴ ጋቢያቸውን ለብሰው እሳቱ አጠገብ እንደተቀመጡ ነው የሚታየኝ። ሊንዳ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሊንዳ ስልኩን በአንድ እጇ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች በሌላው እጄን ያዘችኝ። አይዞሽ አላለችኝም። የማታውቀውን ነገር ተስፋ ልትሰጠኝ አልፈለገችም መሰለኝ። ያዘችኝ ብቻ። እጇ ሞቃት ነበር።

ከቆይታ በኋላ "በሩን ሰብረው ገብተዋል" አለችን። ታደሰ ፊቷ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆመ።

"ይተነፍሳሉ" አለች።

እኔ የማላውቃትን ሴት አንገት አቅፌ አለቀስኩ። ታደሰ ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

ደሴቷ ላይ ስንደርስ ሊንዳ ቤቷ ገባች ማለት ነው፤ መኪናዋ እዚያው ቆማለች። አመስግነን ልንሰናበታት ስንል የታደሰን እጅ ሲንቀጠቀጥ አየችና በዚህ እጅ መኪና አትነዳም አለችው። ከእኛ ጋር በዚያው ፌሪ ተመለሰች። የእኛን መኪና እየነዳች እማማ ዘነበችን የወሰዱበት ሆስፒታል አደረሰችን። እኛም መመርመር እንዳለብን ለነርሶቹ የነገረችው እሷ ናት። ልጆቹ ተመርምረው ሲወጡ አቅፋቸው መጠበቂያው ክፍል ተቀመጠች። ወደዚያ ጨለማና ብርድ ቤቷ የተመለሰችው ከመሸ በኋላ ነው።

እማማ ዘነበችን ኦክስጅን በግፊት ወደሚሰጥበት ክፍል አስገቧቸው። ሐኪሙ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ አናገኛቸውም ነበር አለን። ቀጥሎ የተናገረውን ግን ዛሬም ሳስበው ሰውነቴ ይቀዘቅዛል። ጠዋት እንደዚያ እያመማችሁ ተመልሳችሁ ብትተኙ ኖሮ አምስታችሁም አትነሱም ነበር አለ። ተመልሰን እንተኛ ያልኩት እኔ ነኝ። ታደሰ ይህን አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። በሌላ በሌላው ሲነዘንዘኝ ይውላል፤ በዚህ ግን አፉን አይከፍትም።

በማግሥቱ እማማ ዘነበች ነቅተው አልጋቸው ዙሪያ ቆመን አዩን። መጀመሪያ የጠየቁን "ባሕሩ እንዴት ነበር?" ብለው ነው። ታደሰ ሊመልስላቸው ሞከረና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

መብራቱም መጣ፣ እሳቸውም ከዲሴምበር 25 በፊት ድነው ወጡ። በ25ኛው፣ በፈረንጆቹ ገና ዕለት፣ ታደሰ ከሥራ እንደወጣ አምስታችንም ፌሪ ተሳፍረን ሊንዳ ቤት ሄድን። ሶስና አያቷ የነቢያት ጾም ላይ እንደሆኑ በስልክ ነግራት ኖሮ ሊንዳ ቅቤም ወተትም ያልነካው ምግብ ሠርታ ጠበቀችን። ለራሷ እንኳ ሥጋ አላቀረበችም። ማታ ስንመለስ ከተማዋ በመብራት አሸብርቃ ከውሃው ላይ ተቀበለችን። እማማ ዘነበች ከጀልባው አጥር ብረት ላይ አልነቀል ብለው በብርድ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ለገና የትም ሄደን አናውቅም። እህቴ ብትፈልገኝ እሷ ትምጣ።

አንድ ጊዜ ሊንዳን እንዴት ሊገባት እንደቻለ ጠይቄያት ነበር። የራስ ምታቱን ስትሰማ ጠርጥራለች። ግን የማያውቋትን ሰዎች ስለ ቤታቸው መጠየቅ ነውር ይሆንብኛል ብላ ልትተወው ምንም አልቀራትም። አፏ ላይ ደርሶ መልሳ ልትውጠው ነበር። እግዚአብሔር ይስጣት፤ ነውሩን ችላ ጠየቀችን።

ሶስና ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። እማማ ዘነበች ሰማንያን አልፈዋል፤ ሊንዳም አርጅታ በብርድ ከቤት አትወጣም። ስለዚህ ለገና በስልክ ይገናኛሉ። ሊንዳ የምትችለው እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አማርኛና ጉራግኛ። እንዲያም ሆኖ ረጅም ሰዓት ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ምን አለችዎት ስላቸው "ደህና ናት፤ ብርዱ ግን ጉልበቷን ይዟታል" ይሉኛል። አንድ ጊዜ ሶስና ስልኩን ተቀብላ ብትጠይቃት እውነትም ጉልበቷን አሟት ነበር።

ስልክ ላይ ሲያወሩ ይጮኻሉ። ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ክፍላቸው ይገባሉ፤ ታደሰ ይስቃል። እኔ ሥራዬን አቁሜ ከወጥ ቤት ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ድምፅዎን ትንሽ ቀነስ ያድርጉ ብያቸው አላውቅም።