ሐምሌ ላይ የምትጠልቅ ጀምበር

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ረመዳን ሰኔ ላይ በገባበት ዓመት ነው። ዛሬም ቴምር በእጄ በያዝኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

እናቴ ከደሴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ጋ መጥታ ነበር። እኔን ልትጠይቅ ይባል እንጂ ልቧ ካናዳ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ የሚኖረው በካናዳ ሰሜን ጫፍ፣ ኢኑቪክ በምትባል ከተማ ነው፤ ታክሲ ይነዳል። የእሷ የካናዳ ቪዛ አልሳካ አለ፤ የእሱም ወረቀት ገና ስላላለቀ ድንበር መሻገር አይችልም። "ካናዳ እኮ እዚሁ አጠገባችሁ ነው አሉኝ" እያለች ትነዘንዘኛለች። ካርታ ዘርግቼ ብለካላት፣ ከእኛ ቤት እስከ ድንበሩ ጣት አይሞላም፤ ከድንበሩ እስከ ሰይድ ግን ስንዝሬ አልበቃ አለ።

የመጀመሪያው የፆም ቀን መሸ። እማዬ ስኳር ስላለባት "አትፁሚ" ተብላ ነበር፤ ማን ሰምቶ! አዛኑ ከስልኬ ሲሰማ ቴምሩን አነሳችና ቆም አለች። ልጆቿ ሳያፈጥሩ እሷ ማፍጠር አትወድም፤ ድሮም ልማዷ ነው።

"እስቲ ለሰይድ ደውይልኝ" አለችኝ።

በቪዲዮ ደወልኩ። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ስላረፈች ዓይኑን ጨፈን ጨፈን ያደርጋል።

"አፈጠርክ የኔ ልጅ?"

"ኧረ ገና ነው እማዬ፣ ጀምበር አልጠለቀችም።"

"መቼ ነው የምትጠልቀው?"

"ሐምሌ ላይ።"

እኔ ሳቅኩ፤ እሷ ግን ቴምሩን ወደ ሳህኑ መለሰችው። ሰይድ ደንግጦ ያስረዳት ጀመር። እዚያ በዚህ ወቅት ፀሐይ ሰማዩን ትዞራለች እንጂ አትገባም፤ ሙስሊሞቹ የሚያፈጥሩት ወደ ደቡብ ባለ ከተማ ሰዓት ነው፤ ለእሱ ገና ከሦስት ሰዓት በላይ ይቀረዋል።

"እንግዲያው እጠብቅሃለሁ" አለች።

ለመንኳት፤ ተቆጣሁ። "አንቺ ብዪ፣ መች ያዝኩሽ!" አለችኝ። ጥቂት ቆይቶ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ግንባሯን አላበው። ስልኩን ይዤ ኪችን ገባሁና "ሰይዶ፣ ሹገሯ እየወረደ ነው፤ እምቢ አለችኝ" አልኩት። እንባዬ መጥቶ ነበር።

"ስልኩን ስጫት" አለኝ።

"እማዬ፣ ሰዓቱን አሳስቼ ነው ያየሁት፤ ደርሷል። ቢስሚላህ በይ" አላትና ብርጭቆ ውሃ አንስቶ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። እሷም ቴምሯን ጎረሰች።

ነፍስ ስትዘራ "አገሩን አሳየኝ" አለችው። ስልኩን ይዞ ወጣ። ሰፊ ወንዝ፣ የማያልቁ ትንንሽ ሐይቆች፣ ድንክዬ ዛፎች፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ሜዳ። ከሥር ያለው መሬት ዓመቱን ሙሉ በረዶ ስለሆነ ቤቶቹ በእንጨት እግር ላይ ቆመዋል።

"ውይ! ልጄን ጎተራ ላይ ነው ያስቀመጡት?" አለች። ሳቅን። ከዚያ ስክሪኑን በጣቷ እየዳበሰች ብዙ ቆየች።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ከዚያ ወዲያ አልፆመችም። ሰይድ ደግሞ ለብቻዬ ኮል አደረገኝ። "ሰዓቱ አልደረሰም ነበር። ቀዷ አወጣዋለሁ፤ እንዳትነግሪያት" አለኝ። ያጎደለውን ፆም በሌላ ቀን ሊተካ ነው። እማዬ ልጇን ሳታቅፍ ደሴ ገባች።

ታኅሣሥ ላይ ደወለልኝ። በዚያ ወር እነሱ ጋ ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም።

"ቀዷዬን ዛሬ አወጣሁ" አለኝ።

"ቀንና ሌቱ ሳይለይ እንዴት አድርገህ?"

"በደሴ ጀምበር ፆምኩ። እማዬ ጋ ደወልኩና 'መሸ ወይ?' አልኳት። 'መሽቷል ልጄ' ስትለኝ አፈጠርኩ።"

ወንድሜን ከተለያየን ወዲህ እስካሁን በአካል አላየሁትም። በመካከላችን ባሕር የለም፤ በበጋቸው በመኪና እስከ በሩ ይኬዳል ይላሉ። አንዳንዴ ከሥራ ስወጣ ዝም ብዬ ወደ ሰሜን መንዳት ያምረኛል። በጣም ናፍቆኛል። እማዬም ያን ቀን መምሸቱን ለምን እንደጠየቃት ዛሬም አታውቅም። እኔ አልነግራትም፤ አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጦ ራሱ ይንገራት።