የእረፍት ስልጠና በእረፍት ቀን

እህቴ ቃሊቲ አካባቢ ባለ ሆስፒታል ነርስ ሆና ከተቀጠረች አራት ወሯ ነበር። ሁለት ሌሊት በተከታታይ ትሠራለች፤ መሐል ላይ ያለችው ቀን የመኝታዋ ናት። አለቆቹ ለአዳዲስ ነርሶች የአእምሮ እርጋታ ስልጠና ሲያዘጋጁ ይህቺኑ ቀን መረጡ። በሥራ ሰዓት ከሆነማ በሽተኛውን ማን ያያል?

እኔ ገጣሚ ነኝ፤ ግጥም ስለማያበላ ግን ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ። አዳራሹ ውስጥ የተገኘሁት በዚሁ ሥራዬ ነው። እህቴ ከሌሊት ሥራዋ በቀጥታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ባለፈው ሳምንት በእንቅልፍ ልብ የአንዱን በሽተኛ መድኃኒት ለሌላው ልትወጋ ስትል ነው የባነነችው። ከዚያ ወዲህ የምትፈራው ሌላ ነገር የለም።

አሠልጣኙ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ፊት ነበረው።

«ውድ እህቶቼ፣ ይህን ቅጽበት ብቻ አስተውሉ። ምን ይሰማችኋል?»

«እንቅልፍ!» አለች አንዷ ከኋላ።

«በጣም ጥሩ! አትታገሉት፤ ዝም ብላችሁ ተመልከቱት።»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ እየተመለከትኩት ነው» አለች እህቴ።

ዐይን እንዲጨፈን ታዘዘ። የኔ ድርሻ የአሥር ደቂቃ የዝናብ ድምፅ መክፈት ነበር፤ መጨረሻው ላይ የሚያነቃ ደወል አለ። አሠልጣኙ የሻይ ሰዓቱን ሊያጣራ ወጣ። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ዙሪያዬን አየሁ፤ አንድም ቀና ያለ አንገት የለም። ዝናቡን ወደ መጀመሪያው መለስኩት። ደግሜም መለስኩት። ውጭ አንድ ሲኖትራክ ጥሩምባውን ሲነፋው እንኳ የተነቃነቀ የለም።

አሠልጣኙ ተመልሶ በራፉ ላይ ቆመ። «እንዲህ ያለ ጥልቀት አይቼ አላውቅም» ብሎ በስልኩ መቅረጽ ጀመረ። ከኋላው የነርሶቹ ኃላፊ ገቡ።

«ተኝተዋል እኮ!»

«ሲስተር፣ ውስጣቸውን እያዳመጡ ነው።»

«ሲያንኮራፉ እኔም እየሰማሁ ነው!» ብለው አጨበጨቡ።

እህቴ የተንተራሰችው ደብተር ሽቦ ጉንጯ ላይ ታትሞ ተነሣች። «ሲስተር፣ ዛሬ ማታም ገቢ ነኝ። ቤቴ ሄጄ ልተኛ?»

«ስልጠናው እስከ አሥር ሰዓት ነው። የምንደክመው ለናንተው ደኅንነት መሆኑ ይግባሽ እንጂ!»

«መድኃኒት ብሳሳትስ?»

«ለሱ ነው ስልጠናው።»

እህቴ ቦርሳዋን አነሣች።

«በቀሪ ነው የምይዝሽ!»

«ይያዙኝ» ብላ ወጣች። ጓደኞቿ ተያዩ። አንዷ ብድግ አለችና ኃላፊዋ ሲያዩዋት ወንበሯን ያስተካከለች መስላ መልሳ ተቀመጠች። ልፈርድባት አልችልም፤ እኔም ዝናቡን ለአራተኛ ጊዜ ለመክፈት አልደፈርኩም።

እህቴ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤታችን ገብታ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኛች። ማታ ሥራዋ ገባች፤ ለሁሉም የየራሱን መድኃኒት ሰጥታ አደረች።

በሳምንቱ ሪፖርቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሠልጣኞቹ ከፍተኛ እርጋታ አግኝተዋል ይላል። በጭንቀት ምክንያት አቋርጣ ከወጣች አንዲት ነርስ በስተቀር። ለእርሷ ሁለተኛ ዙር ተይዞላታል፤ ሐሙስ ጠዋት፣ ከሌሊት ሥራዋ እንደወጣች።